ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ፦ ከሰሜን ሸዋ ሲታይ

ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ዞኖች ሁለት ናቸው። አንዱ በአማራ ክልል ነው፤ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን። ሌላው በኦሮሚያ ክልል ነው፤ ዋና ከተማው ፍቼ። ዛሬ ሁለቱም ከተሞች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አላቸው። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው በተጨማሪ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም አላት። አንዱ ሌላውን አልተካም። እንግዳ ሰው ብዙ ጊዜ ኮሌጁ አድጎ ዩኒቨርሲቲ የሆነ ይመስለዋል። አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ ለመረዳት በኢትዮጵያ ኮሌጅ እንዴት ዩኒቨርሲቲ እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል።

በተለምዶ «ኮሌጁ አደገ» እንላለን። በሕግ ቋንቋ ግን ማደግ የሚባል ነገር የለም። አዲስ ተቋም ይቋቋማል፣ የቀድሞው መብትና ግዴታ ይተላለፍለታል። መሬቱ፣ ሕንፃው፣ ዕዳው፣ ሠራተኛው፣ በትምህርት ላይ ያለው ተማሪ ሁሉ ይሻገራል። ይህን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። ደንቡ አጭር ነው፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አንብቦ መጨረስ ይቻላል። አጭር ርዕስ፣ መቋቋም፣ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ዓላማ፣ ሥልጣንና ተግባር፣ በጀት፣ የሂሳብ መዛግብት፣ ደንቡ የሚጸናበት ጊዜ። ከሁሉም ትልቋ «የሕግ ሰውነት ያለው» የምትለው ሐረግ ናት። ተቋሙ በስሙ ውል የሚገባው፣ የሚከሰውና የሚከሰሰው በእሷ ነው። ደንቡ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። በሩ ላይ የተሰቀለው ታፔላ ሕጋዊ ትርጉም የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ከደንቡ በላይ አዋጁ አለ። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ወጣ፣ በአዋጅ ቁጥር 650/2001 ተተካ፣ እሱም በአዋጅ ቁጥር 1152/2011። አዋጁ የጋራ ሕግ ነው፤ ቦርዱን፣ ፕሬዚዳንቱን፣ ሴኔቱን የሚመለከተው ሁሉ እዚያ አለ። ደንቡ ደግሞ የእያንዳንዱ ተቋም የልደት ወረቀት ነው ማለት ይቻላል። አዋጅ 650 ከወጣ በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም.፣ የማቋቋሚያና «እንደገና ማቋቋሚያ» ደንቦች በተከታታይ ታተሙ። ለዓመታት ተማሪ ሲያስመርቁ የቆዩ ዩኒቨርሲቲዎች በዚያ ዓመት በወረቀት እንደ አዲስ ተወለዱ።

የዚህ አሠራር ታሪክ ከደንቦቹ ይረዝማል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ተበታትነው የነበሩ ኮሌጆች በአንድ ስም ተሰበሰቡ። የዓለማያው (የዛሬው ሐረማያ) የእርሻ ኮሌጅና የጎንደሩ የጤና ኮሌጅም በዚሁ ስም ሥር ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡ፤ የዛሬው ስድስት ኪሎ ግቢ እሱ ነው። ዓለማያ በ1977 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ስልት መጣ፦ ጎረቤት ኮሌጆችን አዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ማድረግ። በባሕር ዳር የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱና የመምህራን ኮሌጁ ተዋሃዱ። በጅማ የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ። መቐለም በዚሁ መንገድ ሄደ። ጎንደር መሃል ላይ «ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ» የሚባል ደረጃ ረግጦ ነው በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው።

ለሰሜን ሸዋ ሰው ከሁሉም የሚያስቀናው ግን ኮተቤ ነው። ኮተቤም የመምህራን ኮሌጅ ነበር። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2006 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አደረገው፣ በ2009 ዓ.ም. ኮተቤ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ተባለ። አሁን የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ «እኛስ?» የሚል ሰው ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ኮተቤን ነው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፣ በደሴ መንገድ። ከተማዋ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተቆርቁራለች፤ ስሟም በሰማይ ከታየው ብርሃን የመጣ ነው ይባላል። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያልፋል። ከቆላ የተመደበ ፍሬሽ ተማሪ መጀመሪያ የሚገዛው ደብተር ሳይሆን ጋቢ ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ መተከሉም ያለ ነገር አይደለም።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። መንግሥት በአንድ ጊዜ ከጀመራቸው 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው፤ በተከፈቱበት ዘመን ተራ በተለምዶ «ሁለተኛ ትውልድ» የሚባሉት ናቸው። የተዋሃደ ኮሌጅ ሳይሆን ከመሠረቱ አዲስ የተገነባ ተቋም ነው። ታላቅ ወንድም ሳይኖረው ነው ያደገው። ዛሬ የጤና ሳይንስ ግቢው በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ይጠራል። ፕሮፌሰር አሥራት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዲን ነበሩ። ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም፣ በኋላም ፖለቲከኛ። ደብረ ብርሃን ላይ ባደረጉት ንግግር ተከሰው ታስረዋል፤ በ1991 ዓ.ም. በአሜሪካ አርፈዋል። ስማቸው እዚህ ከተማ ግቢ ላይ መዋሉ ለብዙ ሰው ከስያሜ በላይ ነው። የሕክምና ተማሪዎቹ በሐኪም ግዛው ሆስፒታል ይለማመዳሉ።

ወደ ኮሌጁ እንመለስ። እናቴ እስከ ዛሬ «ቲቲአይ» ነው የምትለው፤ የድሮው የመምህራን ማሠልጠኛ ስም ከአፏ አልወጣም። በሸዋ ገጠር ፊደል ካስቆጠሩት መምህራን ስንቶቹ ከዚያ ግቢ እንደወጡ መገመት ከባድ አይደለም። የደብረ ብርሃን መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተጠሪነቱ ለአማራ ክልል ነው። በጀቱም፣ አመራሩም፣ የሠልጣኝ ቅበላውም ከክልሉ ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የፌዴራል ነው፤ በጀቱ ከፌዴራል መንግሥት፣ ተማሪውም በማዕከል ከመላ አገሪቱ ይመደባል። ወጪውን በኮስት ሼሪንግ ይጋራና ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል። ስለዚህ ኮሌጁን ዩኒቨርሲቲ ማድረግ ስም መቀየር ብቻ አይሆንም፤ ባለቤት ሊቀየርም ይችላል። ክልሉ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹ መምህር የሚያሠለጥንበትን ቤት አሳልፎ ይሰጣል ማለት ነው። በእኔ እምነት ጥያቄው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ሌላም በር አለው፤ ክልሎች በራሳቸው ሕግ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ማቋቋም ይችላሉ። ያኔ ግን ሒሳቡን የሚከፍለው ክልሉ ራሱ ነው።

አንዳንዶች ኮሌጁ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ቢዋሃድ ይላሉ፣ እንደ ባሕር ዳሩ። ሌሎች ደግሞ ትንሹ በትልቁ ይዋጣል ባይ ናቸው። ሁለቱም ክርክር ጠጅ ቤት ድረስ ይሰማል።

የፍቼው ነገር ሌላ ነው። ፍቼ ላይ በመጀመሪያ የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰላሌ ካምፓስ ነበር። በኋላ ሰላሌ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ራሱን ቻለ፤ ከአራተኛው ትውልድ ይመደባል። ከእናት ቤት ወጥቶ ጎጆ እንደ መውጣት ነው።

በ1992 ዓ.ም. ዋዜማ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። አሁን ደግሞ ሕጉ ወደ ሌላ ምዕራፍ ገብቷል። አዋጅ ቁጥር 1294/2015 «ራስ ገዝ» ዩኒቨርሲቲ የሚባል፣ ማለትም በአስተዳደሩና በገንዘቡ ራሱን የሚያስተዳድር፣ ዓይነት አመጣ፤ የመጀመሪያው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ወሬው ገና ኮሌጁ ላይ ነው። መናኸሪያ ሻንጣ ይዞ የወረደ ወጣት ባጃጅ ሲይዝ ሾፌሩ ዞር ብሎ ይጠይቀዋል፦ «ኮሌጅ ነው ዩኒቨርሲቲ?»