«ጥቂት እርሾ ሊጡን ሁሉ ያቦካል»፦ እርሾ መቼ ነው የብልሽት ስም የሆነው?

ባለፈው ሳምንት የወላጆች ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አንድ የሚያስቸግር ልጅ አለ ተባለ። አስተማሪው «ከክፍሉ ይውጣ» አሉና ነገሩን በተረት ዘጉት፦ «ጥቂት እርሾ ሊጡን ሁሉ ያቦካል።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔን ግን ከበደኝ። ልጁ ገና 9 ዓመቱ ነው። ደግሞስ እርሾ ምን አደረገ?

ያደግኩት ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ነው። ቡሃቃው ከምድጃው አጠገብ አሮጌ ጋቢ ለብሶ ይቀመጣል። ብርድ ሲሆን ሊጡ እስኪቦካ ሦስት ቀን ይፈጃል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ክዳኑን ስታነሳ ሊጡ ዘቅጦ፣ ከላዩ ቢጫ ውኃ አቅርሮ ታገኘዋለች። ጎንበስ ብላ ታሸተዋለች። ከዚያ ውኃውን ቀስ አድርጋ በጣሳ ትቀዳለች። እርሾ ማለት እሱ ነው። ከሊጡ ጥቂት ወስዳ አብሲት ትጥላለች፣ መልሳ ትቀላቅላለች፣ ሊጡ ኩፍ ይላል፣ ምጣድ ይጣዳል። እርሾው ግን ለሚቀጥለው ሊጥ ይቀመጣል።

የጎረቤት ልጅ ኩባያ ይዛ ትመጣለች። «እትዬ፣ እማዬ እርሾ ስጡኝ ብላለች።» እናቴ ሰስታ አታውቅም። እርሾ ከልክሎ የተጋገረ እንጀራ ዓይን አያወጣም ትል ነበር።

ተረቱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ጳውሎስ ለገላትያም ለቆሮንቶስም ሰዎች ጽፎታል፤ ለቆሮንቶሶቹማ «አሮጌውን እርሾ አስወግዱ» ይላል። በፋሲካ እርሾ ከቤት የሚወጣበትን የአይሁድ ሥርዓት ይዞ ነው የተናገረው። አስተማሪው የቆሙት በዚህ በኩል ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 13 ላይ ግን አንዲት ሴት በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ የሸሸገችው እርሾ የመንግሥተ ሰማያት ምሳሌ ነው።

እኔ ደግሞ ተረቱ እኛ ቤት የገባው ከመጽሐፉ ሳይሆን ከቡሃቃው ነው ባይ ነኝ። ቃሉን ተመልከቱ። «ያበላሻል» አይልም፤ «ያቦካል» ነው የሚለው። የተበላሸ ሊጥ ሻገተ ይባላል። የቦካ ሊጥ ግን የደረሰ ነው። ይህን የሚለይ አፍ ሊጥ ሲጠብቅ ያደረ ሰው አፍ መሆን አለበት።

ጥቂቱ ሁሉን የሚያዳርሰው እንዴት ነው? እርሾ ውስጥ ሁለት ወገን አለ። ኮምጣጣውን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ እንደ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ኤፍቲኤስዜድ በሚባል የፕሮቲን ቀለበት ወገባቸውን ታጥቀው እኩል ለሁለት ይከፈላሉ። ከዚያ በኋላ እናት የሚባል የለም፤ ሁለቱም ልጆች ናቸው። ሌላው ወገን ይስት ነው፤ ባለ አንድ ሴል ፈንገስ ማለት ነው። አብዛኛው ይስት እኩል ለሁለት አይከፈልም፤ እንደ ጉቶ ያቆጠቁጣል።

በደንብ የተጠናው የዳቦ ይስት ነው። ሲዲሲ42 የሚባል ፕሮቲን ከሴሏ ዳር አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰባል፤ ልጅ የሚወጣው እዚያ ነው። ሴፕቲን የሚባሉት ፕሮቲኖች ቦታውን በቀለበት ይከባሉ። ሚዮሲን የሚባለው ፕሮቲን ደግሞ እንደ ተሸካሚ አክቲን ከሚባል ፕሮቲን በተሠሩ ክሮች ላይ እየተመላለሰ የግድግዳ መሥሪያውን ያደርሳል። እብጠቷ ታድጋለች፣ የዲኤንኤ ቅጂዋን ትቀበላለች፣ አንገቷ ላይ ግድግዳ ይሠራና ትለያለች። እናቲቱ ላይ ካይቲን የሚባል ጠንካራ ነገር የበዛበት ክብ ጠባሳ ይቀራል። ልክ እትብት የተቆረጠበትን ይመስላል። ጠባሳውን በማይክሮስኮፕ ቆጥሮ ስንቴ እንደወለደች ማወቅ ይቻላል። ሲመቻት በ90 ደቂቃ ገደማ አንዴ ትወልዳለች፤ ልጆቿም ይወልዳሉ። እንዲህ ከቀጠለ አንዷ በ15 ሰዓት ከ1,000 በላይ ትሆናለች።

እንደ ይስት የሚያቆጠቁጡ ባክቴሪያዎችም አሉ። ውኃና አፈር ውስጥ የሚኖረው ሃይፎማይክሮቢየም ከገላው ቀጭን ክር ይዘረጋል። በክሩ ጫፍ ላይ ልጅ ያብጣል። ዲኤንኤው በዚያች ቀጭን ክር ውስጥ አልፎ ነው ልጁ ዘንድ የሚደርሰው። ልጁ ጅራት አብቅሎ እየዋኘ ይሄዳል፤ እናቱ እዚያው ትቀራለች። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የጎረቤታችን ልጅ ኩባያ ነው። እርሾው ተቀድቶ ይሄዳል፣ የእናቴ ቡሃቃ ግን አይጎድልበትም።

እባካችሁ ይህን ቃል ለሻጋታ አታውሱት። ሻጋታ የራሱ ስም አለው። በየቢሮው ሰው ማባረሪያ፣ በየስብሰባው ልጅ ማሸማቀቂያ ሲሆን ያሳዝነኛል። «ያቦካል» ስትሉ የቦካውን ሊጥ ያየ፣ ያሸተተ ሰው ሆናችሁ በሉት።

የሚቀጥለው ስብሰባ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እጄን አውጥቼ ስለ እናቴ ቡሃቃ እናገራለሁ።