ቲኤስአርን ማን ገደለው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ሆነው ምናባዊ ጀብዱ የሚጫወቱበት የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ጨዋታ አሳታሚ የነበረው የአሜሪካው ቲኤስአር በ1997 ለተፎካካሪው ለዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ተሸጠ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የጠረጴዛ ላይ ጨዋታ ወዳጆች ስለ ውድቀቱ የሚያወሩት ታሪክ ብዙ ነው፤ የሒሳብ መዝገቡ የሚለው ግን ሌላ ነው።

«ጨዋታው መሸጥ ስላቆመ ከሰረ»

አላቆመም። በ1996 የኩባንያው ሽያጭ 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። 1997 ሲገባ ግን ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ ነበር። ይህ እንዴት ሆነ? ነገሩ ያለው «ሽያጭ» የሚለው ቃል ላይ ነው።

የቲኤስአር ምርት ለመጻሕፍት መደብሮች የሚከፋፈለው በራንደም ሃውስ በኩል ነበር። አከፋፋዩ ዕቃው እንደደረሰው ይከፍላል፤ መደብር ላይ ገዢ አግኝቶ እንደሆነ አይጠብቅም። በመጽሐፍ ንግድ ግን ያልተሸጠ መጽሐፍ ለአሳታሚው ይመለሳል፤ ገንዘቡም አብሮ ይጠየቃል። ስለዚህ ያ ክፍያ ገቢ ይምሰል እንጂ ብድር ነበር። እጅ ሲያጥር ደግሞ ቀላሉ መላ ሌላ መጽሐፍ አትሞ መላክ ነው፤ የትናንቱ ቀዳዳ በዛሬው ጭነት ይደፈናል። በ1996 ቲኤስአር 12 ባለ ጠንካራ ሽፋን ልብ ወለዶች አሳተመ፤ ከዚያ በፊት በዓመት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ያወጣ ነበር። አንባቢው በአንድ ዓመት ስድስት እጥፍ የጨመረ ይመስል!

ተመላሹ ሲመጣ ልብ ወለዶቹም «ድራገን ዳይስ» የተባለው የዳይስ (የመጫወቻ ዛር) ጨዋታም ተግተልትለው መጡ፤ ራንደም ሃውስም ጥቂት ሚሊዮን ዶላሮችን ጠየቀ። ጥሬ ገንዘብ ስላልነበረ የማተሚያና የማጓጓዣ ሒሳብ ሳይከፈል ቀረ። ኅትመቱንና መጋዘኑን የያዘው ድርጅትም «ከእንግዲህ አልሠራም» አለ። የዋናዎቹ መመሪያ መጻሕፍት የማተሚያ ፕሌቶች ያሉት እዚያው ስለነበር፣ ገዢ ያላቸውን መጻሕፍት እንኳ ማተም አልተቻለም። ላሟ አለች፤ ገመዷ ግን በባለገንዘቡ እጅ ነው።

«የገደለው ማጂክ ነው»

በ1993 የወጣው የዊዛርድስ የመጫወቻ ካርታ ጨዋታ፣ «ማጂክ፡ ዘ ጋዘሪንግ»፣ የተጫዋቾችን ኪስ እንደተሻማ አይካድም። ቲኤስአር በ1994 «ስፔልፋየር» በተባለ የካርታ ጨዋታ፣ በ1995 ደግሞ በድራገን ዳይስ መልስ ሰጠ። የዳይሱ የመጀመሪያ ዙር ጥሩ ሄዶ ነበር፤ ኩባንያው ግን ያንን አይቶ ገበያው ከሚችለው በላይ አመረተ። የመጻሕፍት መደብር ደንበኛ ዳይስ ፍለጋ አይመጣም። ተፎካካሪ ጎዳው፤ ትርፍ ክምችቱን ያዘዘው ግን ተፎካካሪው አይደለም።

«ብዙ ዓለም ብዙ ደንበኛ ያመጣል»

ለእኔ ከሁሉም የሚያሳዝነው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጨዋታው የሚካሄድባቸው ምናባዊ ዓለማት ጥሩ ሥራዎች ነበሩ። ፎርጎተን ሬልምስ በ1987፣ ራቨንሎፍት በ1990፣ ዳርክ ሰን በ1991፣ ፕሌንስኬፕ በ1994፣ በርዝራይት በ1995 ወጡ። እያንዳንዱ ዓለም የራሱ ሳጥን፣ ካርታና ተከታታይ መጻሕፍት ነበረው። አንድ የተጫዋቾች ቡድን ግን ዘመቻውን (ተከታታይ ጀብዱውን) የሚያካሂደው በአንድ ዓለም ነው፤ የዳርክ ሰን ተጫዋች የበርዝራይትን መጽሐፍ የሚገዛበት ምክንያት የለውም። ለጸሐፊና ለሠዓሊ የሚከፈለው ያው ሆኖ ገዢው ተከፋፈለ። አንዳንዶቹ ሳጥኖች ይባስ ብለው ከማምረቻ ወጪያቸው ባነሰ ገቢ ይሸጡ ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ በተሸጠ ቁጥር ኪሳራው ያድጋል።

«ጋይጋክስ ቢቆዩ ኖሮ…»

በ1985 ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑትን ጋሪ ጋይጋክስን ተክተው ኩባንያውን የተቆጣጠሩት ሎሬይን ዊሊያምስ የሁሉ ጥፋት ተሸካሚ ተደርገዋል። የሚወቀሱበት አለ፦ ባክ ሮጀርስ የተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ጀግና መብት የቤተሰባቸው ሆኖ ሳለ ቲኤስአር የባክ ሮጀርስ ጨዋታዎችን አሳተመ፤ እነሱም ብዙ አልሸጡም። ይሁንና ዊሊያምስ የተረከቡት ዕዳ ውስጥ የገባ ኩባንያ ነው። ከእሳቸው በፊት፣ ጋይጋክስ ከኩባንያው ባለድርሻዎች ከብሉም ወንድማማቾች ጋር በነበሩበት ጊዜ፣ ቲኤስአር የጥልፍ ሥራ ድርጅት እስከመግዛት ደርሶ ነበር፤ ብዙ ሠራተኞችም ተሰናብተዋል። ዊሊያምስን ወደ ኩባንያው ያመጡትም ራሳቸው ጋይጋክስ ናቸው።

«ጨዋታው አርጅቶ ነበር»

ዊዛርድስ ዕዳውን ከፍሎ ማተሚያውን አስነሳ፤ በ2000 ሦስተኛውን እትም አወጣ፤ እሱም በደንብ ተሸጠ።