የክልል ምክር ቤት ተወካይ እና የማህበራዊ ፍትህ ፖለቲካ በሰሜን ሸዋ

ሰሜን ሸዋ ዞን የራሱ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም። በአማራ ክልል የራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው ዞኖች አዊ፣ ዋግ ኽምራ እና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ናቸው። ደብረ ብርሃን ያለው የዞን አስተዳደር የክልሉ መንግሥት ክንድ ነው፤ አስተዳዳሪውን የሚሾመውም ክልሉ ነው። ከፌዴራሉ ምርጫ ሌላ ሕዝቡ የሚመርጠው በቀበሌ፣ በወረዳና በክልል ደረጃ ነው። ስለዚህ የመንዝ ወይም የምንጃር ገበሬ ከወረዳው በላይ በክልል ጉዳይ የሚናገርለት ቢፈልግ፣ ያለው ሰው የክልል ምክር ቤት ተወካዩ ብቻ ነው። ይህን ወንበር ዋናው ነገር የምለው ለዚህ ነው።

ምክር ቤቱ የቆመው በ1994 በተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት ላይ ነው። የአባላቱ የሥራ ዘመን አምስት ዓመት ሲሆን ስብሰባው ባሕር ዳር ነው። ከደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፣ ከዚያ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃምን ያቋርጣል። መንገዱ ቀልድ አይደለም። ደግሞ አብዛኛው አባል ሌላ መደበኛ ሥራ አለው። አንዳንዱ ራሱ የመንግሥት ኃላፊ ነው። በእኔ እይታ የምክር ቤቱ ትልቁ ድክመት ይኸው ነው፤ ኃላፊ ራሱን እንዴት ይቆጣጠራል?

ማህበራዊ ፍትህን መርሁ ያደረገ ፖለቲከኛ በዚህ አገር የሚይዘው ጉዳይ ብዙ ነው። ከፓርቲዎች መካከል በ2011 ሰባት ድርጅቶች ተዋህደው የመሠረቱት ኢዜማ (የኢትዮጵያ ዜጎች ለማህበራዊ ፍትህ) ይህን ሐሳብ በግልጽ ያነሳል፤ መዋቅሩንም በምርጫ ወረዳ ነው የዘረጋው። ግን ጉዳዩ ከፓርቲ በፊት በየቤቱ አለ።

መሬትን እንውሰድ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም። በአማራ ክልል ለገበሬው የይዞታ ደብተር ይሰጠዋል። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት ከሆነ የሁለቱም ስም ይሰፍራል፣ ፎቷቸውም ይለጠፋል። ሚስት በፍቺ ጊዜ ወይም ባሏ ሲሞት ደብተሩን ይዛ ትከራከራለች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አዲስ ጎጆ የወጣው ወጣት ግን መሬት የለውም፤ ለተወካዩ ከሚቀርቡት ጥያቄዎች ከባዱም እሱ ነው።

ሌላው ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ነው። በ2003 አካባቢ አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች በሙከራ ተጀመረ። አባወራው በዓመት አንዴ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ወረዳውና ክልሉ ይሸፍኑለታል። ያለው ለሌለው የሚያዋጣበት አሠራር መሆኑ ዕድርን ለሚያውቅ ሕዝብ አዲስ አይደለም። ካርዱን ይዞ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው መድኃኒት አልቋል ሲባል ግን እምነቱ ይሸረሸራል። ብርቱ ተወካይ ሐምሌ ላይ በጀት ሲጸድቅ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ለመድኃኒት ስንት ተያዘ?

በመራጭ ዘንድ ግን ተወካይ የሚለካው በቅርብ ነገር ነው። የማዳበሪያ መዘግየት፣ የተበላሸ የውኃ ጉድጓድ፣ ክረምት የሚቆረጥ መንገድ። ጥያቄው የቀበሌ ማኅተም አርፎበት፣ በብዙ ሰው ተፈርሞ ይመጣል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሳው ጦርነት ደግሞ ሰሜን ሸዋም ተጎድቷል፤ ተወካይ እንደ ልቡ ገጠር ወርዶ መራጩን ማነጋገር በብዙ ቦታ አስቸጋሪ ሆኗል።