ሾርትከት ቫይረስ፦ በፍላሽ የሚዛመተው ማልዌር

ሾርትከት ቫይረስ በፍላሽ፣ በሚሞሪ ካርድና በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመት ማልዌር፣ ማለትም ጉዳት ለማድረስ የተሠራ ፕሮግራም ነው። አንድ ፕሮግራም አይደለም፤ በተመሳሳይ ዘዴ የሚሠሩ ብዙ ዝርያዎች የሚጠሩበት የወል ስም ነው። እንዲያውም በባለሙያዎች አከፋፈል ቫይረስ ሳይሆን ወርም ነው፤ ቫይረስ በሌላ ፋይል ላይ ተለጥፎ ይኖራል፣ ወርም ግን ራሱን ችሎ ይባዛል። የሚመቸው ብዙ ሰው ፍላሹን በአንድ ማሽን ላይ የሚሰካበት ቦታ ነው፤ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት፣ የኮሌጅ ኮምፒውተር ላብ፣ ኢንተርኔት ካፌ።

ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሮቹ በየስማቸው ተደርድረዋል፤ ነገር ግን በምስላቸው ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አለች። ዝርዝሩን በ«ዲቴይልስ» ቢያዩት ደግሞ በየስሙ ፊት 1 ወይም 2 ኪሎባይት የሚል መጠን ተጽፏል። ለእውነተኛ ፎልደር እዚያ ቦታ ላይ ምንም አይጻፍም። ራይት ክሊክ አድርጎ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ታርጌት» የሚለውን መስመር ማየት ነገሩን ይለያል፤ መስመሩ የፎልደሩን አድራሻ ሳይሆን የኮማንድ ፕሮምፕትን (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ወይም የስክሪፕት ማስኬጃውን ስም ይጠራል።

የተሠራው ተንኮል ቀላል ነው። ወርሙ የባለቤቱን ፎልደሮች «ሂደን» እና «ሲስተም» የሚሉ ሁለት ምልክቶች ሰጥቶ ይደብቃቸዋል፤ በምትካቸው በስማቸው ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ) ያስቀምጣል። ሾርትከቱ ሲነካ መጀመሪያ ወርሙን ያስነሣል፣ ቀጥሎ እውነተኛውን ፎልደር ይከፍታል። ባለቤቱ ፋይሉን ስላገኘ አይጠረጥርም። በአንዳንድ ዝርያዎች ደግሞ ፋይሉ ሁሉ ስም የሌለው በሚመስል ፎልደር ውስጥ ይታጨቅና በፍላሹ ላይ የሚታየው አንድ ሾርትከት ብቻ ይሆናል፤ የፎልደሩ ስም ዓይን የማያየው የክፍት ቦታ ፊደል ነው።

ይህ ዘዴ የተስፋፋው የቀድሞው በር ከተዘጋ በኋላ ነው። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ እንዲነሣ የሚያደርገው «አውቶራን» ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የተነሣው ኮንፊከር የተባለው ወርም በኋላ በዚህም መንገድ ተዛምቷል። ማይክሮሶፍት በ2011 ባወጣው ማሻሻያ በአሮጌዎቹ ዊንዶውሶችም ላይ አውቶራንን ለፍላሽ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ወርሙ የሰው ጣት ያስፈልገዋል፤ ሾርትከቱም የመጣው ያን ጣት ለማታለል ነው። በአውሮፓ ፖሊስና በኤፍቢአይ ትብብር በ2017 የተመታው አንድሮሜዳ የተባለው ማልዌር፣ በ2021 የታየው ራስፕቤሪ ሮቢን የተባለው ወርምም በዚሁ መንገድ ሲዛመቱ ነበር። ጉዳቱም ፋይል በመደበቅ አያበቃም፤ ብዙዎቹ የይለፍ ቃል ይሰርቃሉ ወይም ሌላ ማልዌር አውርደው ይጭናሉ።

እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት ፍላሹን ፎርማት ማድረግ ነው። ፋይሉ አልጠፋም ነበርና የሚያጠፋው ፎርማቱ ነው። ያም ሆኖ ችግሩ አይነቀልም፤ ወርሙ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሆነ የጸዳው ፍላሽ ተመልሶ ሲሰካ በሴኮንዶች ውስጥ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ ፍላሹ ይነቀልና መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ይጸዳል። እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን በሚያሳየው ታስክ ማናጀር ውስጥ «ዊንዶውስ ቤዝድ ስክሪፕት ሆስት» የሚል ሥራ ያለ ምክንያት ሲሮጥ ከተገኘ ይቆማል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ሲበራ በራሳቸው የሚነሡ ፕሮግራሞች ባሉበት በስታርታፕ ዝርዝር ውስጥ ከ«አፕዳታ» ወይም ከ«ቴምፕ» ፎልደር የሚነሣ ባዕድ ነገር ተፈልጎ ይነሣል፤ የማይክሮሶፍት ነፃ መሣሪያ «አውቶራንስ» ይህን ከታስክ ማናጀር በተሻለ ያሳያል። በመጨረሻ የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ የሆነው የዲፌንደር ኦፍላይን ስካን ይሄዳል። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያስነሣና ዊንዶውስ ሳይነሣ ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ከዚያ ፍላሹ ይሰካል፤ ምንም ሳይነካ ራይት ክሊክ ተደርጎ በዲፌንደር ይፈተሻል። የተደበቀውን ለማየት «ሂደን አይተምስ» ላይ ምልክት ማድረግ ብቻውን አይበቃም። በፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀው ምርጫም መነሣት አለበት፤ ብዙ ሰው «ፋይሌ ጠፋ» የሚለው ይህችን ሁለተኛዋን ስለሚዘልላት ነው። ፎልደሩ ከታየ በኋላ በፕሮፐርቲስ የ«ሂደን»ን ምልክት ለማንሣት ሲሞከር ሳጥኑ ደብዝዞ አልነካ ይላል፤ የ«ሲስተም» ምልክት ስላለበት ነው። በኮማንድ ፕሮምፕት «አትሪብ» የተባለው ትእዛዝ ሁለቱንም ያነሣል። ትእዛዝ መጻፍ ለማይወድ ሌላ መላ አለ፤ አዲስ ፎልደር ፈጥሮ፣ ወደተደበቀው ገብቶ፣ ውስጡ ያለውን ወደ አዲሱ መውሰድ ነው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው በላይኛው ፎልደር ላይ ብቻ ስለሆነ የውስጦቹ ነፃ ናቸው። ሾርትከቶቹ በመጨረሻ ይደለታሉ።

ኢንተርኔት የሌለው ቢሮ አንቲቫይረሱ ያረጅበታል። የዲፌንደርን ማሻሻያ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በሌላ ኮምፒውተር አውርዶ ማምጣት ይቻላል። ክራክ (ያለ ክፍያ ፕሮግራም የሚያስከፍት ሕገ ወጥ መክፈቻ) የሚጭን ሰው «አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚለውን መመሪያ ከተከተለ በኋላ መልሶ ማብራቱን መርሳቱም የታወቀ ነው። ለፍላሽ የሚመረጠው የኢንዶኔዥያው ስማዳቭ ከዋናው አንቲቫይረስ ጎን የሚቆም ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም።

ብዙ ካፌ ዲፕ ፍሪዝ የተባለውን ፕሮግራም ይጭናል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ወደ ተቆለፈበት ሁኔታ ስለሚመለስ ወርሙም አብሮ ይጠፋል። የሚጠብቀው ግን ማሽኑን ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የተያዘ ኮምፒውተር ማታ እስኪጠፋ ድረስ የተሰካበትን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። ደንበኛው ለማተም ብቻ ከመጣ ፋይሉን አዳፕተሩ ጎን ላይ መቆለፊያ ባለው ሚሞሪ ካርድ ይዞ ቢመጣና ቢቆልፈው፣ ኮምፒውተሩ ብዙውን ጊዜ ያነባል እንጂ አይጽፍበትም።