ሜላኒን ሌላ፣ ሜላኖማ ሌላ

ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን ጓደኛዬ «ሜላኒን ካንሰር ነው አይደል?» አለኝ። ኧረ በፍጹም! ሜላኒን ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ነገር ነው፤ ከፀሐይ ጨረርም በከፊል ይከላከላል። ሜላኖማ ግን ያንን ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ካንሰር ነው።

የቆዳን ቀለም የሚወስኑት ጂኖች ብዙ ናቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የኢትዮጵያ፣ የታንዛኒያና የቦትስዋና ሰዎችን መርምሮ፣ የሚያጠቁሩም የሚያቀሉም የጂን ልዩነቶችን እዚሁ አፍሪካ አግኝቷል። (የአራት ኪሎን ታክሲ ለተሳፈረ ይህ ብርቅ አይደለም።)

ታዲያ ጥቁር ሰው ሜላኖማ አይዘውም? ይይዘዋል፤ ዕድሉ ያንሳል እንጂ። ሲይዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፀሐይ በማያገኘው ውስጥ እግር ወይም ጥፍር ሥር ነው። ከሞተ ከዓመታት በኋላ 60ኛ ልደቱ በ1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ የተከበረለት ቦብ ማርሌይ የሞተው በእግር ጣቱ በጀመረ ሜላኖማ ነው።