የማሜን መጥረቢያ

የማሜን መጥረቢያ በኮፐንሃገን የዴንማርክ ብሔራዊ ሙዚየም የሚገኝ፣ በብር ሽቦ የተጌጠ የቫይኪንግ ዘመን የጦር መጥረቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ዩትላንድ በተባለው የዴንማርክ ባሕረ ገብ መሬት፣ በማሜን መንደር አጠገብ ካለ የመቃብር ጉብታ ተቆፍሮ ወጣ። የመቃብሩ ክፍል የታነጸበት ዛፍ በ970 እና በ971 መካከል ባሉት የብርድ ወራት እንደተቆረጠ የእንጨቱ የዕድሜ ቀለበት አሳይቷል። ይህም የዴንማርክ ንጉሥ የሃራልድ ብሉቱዝ ዘመን ነው። ከሟቹ ጋር ሐርና የወርቅ ክር ያለበት ልብስ መገኘቱ ትልቅ ሰው እንደነበር ይመሰክራል።

መጥረቢያው እንጨት ለመፍለጥ ቀርቶ ለውጊያም የታሰበ አይመስልም፤ የማዕረግ ምልክት ነው ቢባል ይሻላል። በአንዱ ገጽ ክንፍና ጭራዋ እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ ወፍ፣ በሌላው የተጠላለፈ ቅጠላማ ሐረግ አለ። የወፏ አካል በጥቃቅን የብር ነጠብጣብ ተሞልቷል፤ በዛቢያው ማስገቢያ በኩል ደግሞ የሰው ፊት ይታያል። ይህ የአሳሳል ስልት እስከ ዛሬ «የማሜን ስልት» ይባላል።

ሥራው እጅግ ረቂቅ ነው። አንጥረኛው በመጀመሪያ ንድፉን ተከትሎ ብረቱን በቀጭን መሮ ይቦረቡራል። ቦዩ ከአፉ ይልቅ ከታች ሰፋ ማለት አለበት፤ ሽቦው ገብቶ በመዶሻ ሲቀጠቀጥ ብሩ ወደ ጎን ተንሰራፍቶ የሚያዘው በዚያ ነው። ከዚያ ተሞርዶ ይወለወላል። ቦዩ ጥልቀት ካነሰው ወይም ግድግዳው ቀጥ ካለ ሽቦው ተነቅሎ ይወጣል።

ወፏ ከክርስትና በፊት በነበረው የስካንዲኔቪያ (የኖርስ) እምነት ተዋጊዎችን የሚቀሰቅሰው አውራ ዶሮ ልትሆን ትችላለች፤ በክርስቲያኖች ዘንድ የትንሣኤ ምሳሌ የሆነችው የተረት ወፍ ፊኒክስም ልትሆን ትችላለች። ሐረጉም እንዲሁ የኖርስ እምነት የዓለም ዛፍ ወይም የክርስቲያኖች የሕይወት ዛፍ ተብሎ ይተረጎማል። ሃራልድ የሊንግ በተባለ ቦታ ባቆመው የጽሑፍ ድንጋይ ላይ ዴንማርካውያንን ክርስቲያን እንዳደረገ አስጽፏልና፣ ሁለቱን እምነት የሚያስታውስ ጌጥ ለዚያ ዘመን ባዕድ አይደለም። በመቃብሩ ክፍል ጣሪያ ላይ የክርስትና ምልክት ሊሆን የሚችል ትልቅ የሰም ሻማ መገኘቱም ሟቹ የየትኛው እምነት ተከታይ ነበር የሚለውን ጥያቄ ያጠነክረዋል።

ብርና ብረት አንድ ላይ ያሉበትን የመቃብር ዕቃ መጠበቅ ከባድ ነው። ብረቱ ሲዝግ ያብጥና ብሩን ከቦዩ ገፍቶ ያወጣዋል። ከአፈር የገባ የክሎራይድ ጨው ካለበት ዝገቱ በደረቅ ክፍል ውስጥም ይቀጥላል፤ በእጅጉ የሚገታው የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። ብሩም በበኩሉ በአየር ካለ ድኝ ይጠቁራል። ጥቁረቱን ለማንሳት ደጋግሞ መወልወል ግን ቀጭኑን ሽቦ ይበላዋል፤ በባዶ እጅ መንካትም የላብ ጨው ስለሚጨምር ዕቃው የሚያዘው በጓንት ነው።