የቤት ደረጃ ላይ የመውደቅ ስጋት እንዴት ይመዘናል?

ሰው ደረጃ ላይ ሲወድቅ "እኔን!" ካልን በኋላ ወዲያው የምናስከትለው "አታይም እንዴ?" የሚለውን ነው። ጥፋቱ የወዳቂው ይሆናል። በእንግሊዝ አገር ቤት የሚመረምር የአካባቢ ጤና ባለሙያ ግን ከሰውየው አይጀምርም። መጀመሪያ የሚያየው ደረጃውን ነው።

ሥራው የሚመራው በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የቤቶች ሕግ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቤት ወይ "ለመኖሪያ ይሆናል" ወይ "አይሆንም" ይባል ነበር። ከ2006 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራበት መመዘኛ ግን 29 ዓይነት አደጋዎችን ለየብቻ ይመዝናል። ብርድ፣ ሻጋታና እሳት አሉበት። ደረጃ ላይ መውደቅም ራሱን ችሎ አንዱ ነው። የከፍታ ልዩነቱ ከ300 ሚሊ ሜትር በላይ እስከሆነ ድረስ የቤት ውስጥ ደረጃም፣ የደጅ መወጣጫም፣ የጋራ ሕንፃ ደረጃም ይገባበታል።

ባለሙያው ሁለት ነገር ይጠይቃል። በሚቀጥሉት 12 ወራት እዚህ ሰው ወድቆ የመጎዳቱ ዕድል ምን ያህል ነው? ከተጎዳስ ጉዳቱ ምን ያህል ይከፋል? "ሰው" ሲባል ዕድሜው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ ነው። ቤቱ ውስጥ የ25 ዓመት ጎረምሳ ቢኖር፣ ጭራሽ ባዶ ቢሆንም ግምቱ ያው ነው። ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ። ጎረምሳው ነገ ይለቃል፤ ደረጃው ግን እዚያው ነው። ቀጥሎ የሚገቡት አሮጊት ሊሆኑ ይችላሉ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ሞት ወይም የዕድሜ ልክ ሽባነት 10,000 ክብደት ይሰጠዋል። ከዚያ የሚያንሰው ከባድ ጉዳት 1,000፣ ቀጣዩ 300፣ ቀላሉ ደግሞ 10። እንበልና የመውደቅ ዕድሉ ከ32 አንድ ነው። ከ100 ተጎጂዎች 2ቱ ለመጀመሪያው፣ 5ቱ ለሁለተኛው፣ 22ቱ ለሦስተኛው፣ 71ዱ ለቀላሉ ጉዳት ይዳረጋሉ። የእያንዳንዱ ተጎጂዎች ቁጥር በክብደቱ ተባዝቶ፣ ተደምሮ፣ ለ32 ሲካፈል 1,010 ገደማ ይመጣል። ነጥቡ 1,000 ከሞላ አደጋው አንደኛ ምድብ ነው፤ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) እርምጃ የመውሰድ ግዴታ አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ መብት እንጂ ግዴታ የለበትም። ለንደን ቤት ተከራይቶ የሚኖር ወገናችንም ደረጃው ካሰጋው ለካውንስሉ ማመልከት ይችላል።

ባለሙያው ሜትር ይዞ ነው የሚመጣው። በአገሩ የግንባታ መመሪያ የመኖሪያ ቤት ደረጃ አንዱ ከሌላው ከ220 ሚሊ ሜትር በላይ መነሳት የለበትም፤ መርገጫውም ከ220 ማነስ የለበትም። መርገጫው ካጠረ ሲወርዱ የእግር ጣት አየር ላይ ይቀራል። የሚያሰጋውም ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ነው። የእጅ መደገፊያ አለ ወይ? መብራቱስ? ወለሉ ያንሸራትታል? ከታች የሚጠብቀው ምንጣፍ ነው ወይስ የመስታወት በር?

ከሁሉ የሚከፋው ግን የደረጃዎች አለመመጣጠን ነው። እግር ሁለት ሦስት ደረጃ እንደረገጠ ልኩን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ዓይን አያግዘውም። አዲስ አበባ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ጂ+4 ነው፤ ሊፍት የለውም። የመሬቱ ወለል ላይ ሊሾው በኋላ ስለተሠራ የመጨረሻው ደረጃ ከሌሎቹ ሦስት ጣት ያህል ያጥራል። እግር ገና እወርዳለሁ ሲል መሬት ይመታዋል። ውሃ ሲጠፋ ሁላችንም በሁለት እጃችን ጀሪካን ይዘን ነው የምንወጣው የምንወርደው። መደገፊያው ብረት አለ፤ የሚይዘው እጅ ግን የለም። እናቴ እዚያች ደረጃ ላይ ወድቃ የእጅ አንጓዋ ተሰብሯል። እኔም ያን ቀን "እማዬ፣ ምነው ብታዪ?" አልኳት። ደረጃውን በሜትር የለካሁት ከሳምንት በኋላ ነው።

ጥገናው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ከ900 እስከ 1,000 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ መደገፊያ መትከል፣ የመርገጫውን ጠርዝ በደማቅ ቀለም መቀባት፣ ከላይም ከታችም የሚበራ አምፖል ማድረግ። ከዚያ ስጋቱ እንደገና ይሰላል። ዕድሉ ከ32 አንድ ወደ ከ100 አንድ ከወረደ፣ ያ 1,010 ነጥብ 323 ይሆናል።